ስለ ታዋቂ ሩሲያውያን ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በኢትዮጵያ ገጠር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚታወቅ አንድ የሩሲያ ሰው ስም አለ፤ ባለቤቱ ማን እንደ ነበር የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። «ክላሽ» የምንለው መሣሪያ ስሙን የወሰደው ከሚኻይል ካላሽኒኮቭ ነው። ሰውየው በ1941 ብሪያንስክ አካባቢ የቆሰለ የታንክ አዛዥ ነበር፤ ስለ ጠመንጃ ንድፍ በቁም ነገር ማሰብ የጀመረው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው። ስሙ የዕቃ ስም ሆኖ ከገበያ እስከ ሠርግ ቤት ገባ፤ ሰውየው ከስሙ ወደ ኋላ ቀረ።

ስለ ሌሎቹ ታላላቅ ሩሲያውያን የሚጻፈውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስማቸው ይታወቃል፣ ሥራቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፤ ያ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ወይ ግማሽ እውነት ነው ወይ ጭራሹን ተረት። የሌሎችን ጽሑፍ ሳርም ብዙ ዓመት አልፎኛል፤ የሩሲያ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ በተመለከተ ቀይ እስክሪብቶዬ የሚያርፍባቸው ቦታዎች ዛሬም እነዚያው ናቸው። አንዱን ስህተት ራሴ ሠርቼዋለሁ፤ ቦታው ሲደርስ እናዘዛለሁ። «ዓ.ም.» ብዬ ካልጻፍሁ በቀር ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።

ፑሽኪንን ጠቅልሎ የእኛ ማድረግ

አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የሚጠራ አደባባይ አለ፤ የሩሲያ የባህል ማዕከሉም ስሙን ይዟል። ከዚህ የተነሣ ስለ አሌክሳንደር ፑሽኪን ሲጻፍ መግቢያው ሁልጊዜ ያው ነው፦ «የኢትዮጵያ ደም ያለበት ባለቅኔ»፤ ደፈር ያለው ደግሞ «ኢትዮጵያዊው ፑሽኪን» ይላል። እዚህ ላይ ሦስት ስህተቶች ተዛዝለው ይመጣሉ።

አንደኛው የዝምድና ቆጠራ ነው። ይህ ደም የመጣበት አብራም ፔትሮቪች ጋኒባል የፑሽኪን አያት ተደርጎ ይጻፋል። አብራም ኦሲፕን ወለደ፣ ኦሲፕ ናዴዥዳን ወለደ፣ ናዴዥዳ አሌክሳንደርን ወለደች። ስለዚህ ጋኒባል በእናቱ በኩል ቅድመ አያቱ ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ ይህን ሲስት አያምርበትም።

ሁለተኛው የትውልድ ቦታው ነው። ጋኒባል በልጅነቱ ቁስጥንጥንያ ገብቶ፣ ከዚያ በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ታላቁ ጴጥሮስ ቤተ መንግሥት ተወሰደ፤ ንጉሡ ራሱ የክርስትና አባት ሆነው። በ1742 ለመንግሥት ባቀረበው ማመልከቻ አፍሪካ ውስጥ «ላጎን» በምትባል ከተማ መወለዱን ጽፏል፤ የትኛው አገር እንደሆነች ግን አልጻፈም። ሐበሻ ያደረገው ከሞተ በኋላ ከቤተሰቡ ወገን በጀርመንኛ የተጻፈ የሕይወት ታሪክ ነው። በ1899 ዲሚትሪ አኑቺን የተባለ ሩሲያዊ ምሁር ላጎንን ከመረብ ማዶ ካለችው ሎጎ ጋር አገናኛት፤ እኛ ዘንድ የደረሰው ታሪክ ይህ ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ግን የቤኒን ተወላጁ ዲዩዶኔ ኛማንኩ ቦታዋ ቻድ ሐይቅ አቅራቢያ፣ በዛሬዋ ካሜሩን የምትገኘው ሎጎን ብርኒ ናት ብሎ ተከራከረ፤ ክርክሩንም ብዙ ተመራማሪዎች ተቀብለውታል። ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ይህን ሲሰማ ቅር ሊለው ይችላል። ቅር ማለት ይቻላል፤ መደበቅ ግን ነውር ነው። «ከሐበሻ ምድር ነው የሚሉም፣ ከካሜሩን ነው የሚሉም አሉ» ብሎ መጻፍ ከማንም ክብር አይቀንስም።

ሦስተኛውና የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ስለ ደሙ ሁለት ገጽ ተጽፎ ሲያበቃ ስለ ሥራው «ታላቅ ገጣሚ ነበር» ተብሎ ይታለፋል። የፑሽኪን ሥራ ከቋንቋ ጋር የተያያዘ ነው። በእሱ ዘመን የሩሲያ መኳንንት እርስ በርሳቸው በፈረንሳይኛ ያወሩ ነበር፤ ከፍ ያለ ጽሑፍ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ የጥንት ስላቭኛ ተጭኖት ይጻፍ ነበር። እሱ የሞግዚቱን ተረት፣ የገበያውን ንግግር፣ የመጻሕፍቱንም ቋንቋ አዋሕዶ ዛሬ ሩሲያውያን የሚጽፉበትን ሩሲያኛ አቀና። በግእዝና በአማርኛ መካከል ላደገ አንባቢ ይህን ማስረዳት ከባድ አይደለም፤ የሚከብደው ለምን እንደማይጻፍ ማስረዳት ነው።

በሦስት ዘመን አቆጣጠር መካከል መጥፋት

ኑዛዜዬ እዚህ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ መጽሔት በጻፍሁት ጽሑፍ ፑሽኪን የተወለደበትን የፈረንጆች ቀን፣ ማለትም ጁን 6 ቀን 1799ን፣ ወደ ግንቦት 29 ቀን 1791 ዓ.ም. ለወጥሁት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ቀን መቁጠሪያ አይቼ ነበር፤ በእርግጥም ዛሬ ጁን 6 የሚውለው ግንቦት 29 ነው። ጽሑፉ ታተመ። ሳምንት ሳይሞላ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አንድ አባት ደወሉልኝ። «ልጄ» አሉኝ በትዕግሥት፣ «የድሮዎቹ ሩሲያውያን እኮ ከእኛ ጋር አብረው ሲቆጥሩ የኖሩ ናቸው። ሰውየው የተወለደው ሰኔ 1 ነው»።

ልክ ነበሩ። ሩሲያ እስከ 1918 የተጠቀመችው የዩልዮስን አቆጣጠር ነው። ያ አቆጣጠር እንደ እኛው በየአራት ዓመቱ ያለ አንዳች ልዩነት አንድ ቀን ይጨምራል፤ ስለዚህ የእነሱ ሜይ 26 ምንጊዜም ከእኛ ሰኔ 1 ጋር ይውላል። የሚንሸራተተው የጎርጎርዮሱ፣ ማለትም የዛሬው የአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ልዩነቱ በ1799 11 ቀን ነበር፣ በ19ኛው መቶ ዘመን 12፣ ከ1900 ወዲህ 13። እኔ የ13ቱን ዘመን ሰሌዳ ይዤ የ11ዱን ዘመን ለካሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከ1918 በፊት የነበረ ሩሲያዊ ቀን ሲገጥማችሁ የድሮውን የሩሲያ ቀን ፈልጉና በቀጥታ ወደ እኛ አምጡት።

በዚሁ ላይ አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። «የጥቅምት አብዮት» የተካሄደው በዓለም አቆጣጠር ኖቬምበር 7 ቀን 1917 ነው፤ ስሙ ኦክቶበር የሆነው በድሮው አቆጣጠር 25 ስለ ነበር ነው። ሌላው ዓለም ይህን በግርጌ ማስታወሻ ሲያብራራ ይኖራል። በእኛ አቆጣጠር ግን ቀኑ ጥቅምት 28 ቀን 1910 ዓ.ም. ነው፤ ተርጓሚው ሳያስበው ትክክል ሆነ።

ስምን ከእንግሊዝኛ መገልበጥ

የሩሲያ ሰው ሦስት ስም አለው፤ የራሱ፣ የአባቱና የቤተሰቡ። መካከለኛው «ኢቫኖቪች» ማለት «የኢቫን ልጅ» ነው፤ ለሴት ልጅ «ኢቫኖቭና» ይሆናል። በአባት ስም ለምንጠራ ለእኛ ይህ ከማንም ይልቅ ሊቀለን ሲገባ፣ «ሚስተር ኢቫኖቪች» የሚል ጽሑፍ ደጋግሜ አይቻለሁ። ሩሲያውያን ሰው አክብረው ሲጠሩ «አቶ» አይሉም፤ ስሙንና የአባቱን ስም አያይዘው «ዲሚትሪ ኢቫኖቪች» ይላሉ። በጽሑፍ ሲደጋገም የሚያዘው ግን የቤተሰቡ ስም ነው። የሴት የቤተሰብ ስም ጫፉ ይለወጣል፦ ወንድሟ ቴሬሽኮቭ ቢሆን እሷ ቴሬሽኮቫ ናት። «ቫለንቲና ቴሬሽኮቭ» የምትባል ሴት ጠፈር ወጥታ አታውቅም።

የፊደሉ ነገር ይበልጥ ያሳዝናል፤ እንግሊዝኛ የቸገረው እኛን አይቸግረንምና። ለሩሲያኛው የጉሮሮ ድምፅ ኽ አለን፤ ታዲያ «ቼኾቭ» መጻፍ ስንችል «ቼክሆቭ» የምንለው ስለ ምንድን ነው? ዥ አለን፤ ማርሻሉ «ዡኮቭ» እንጂ «ዙኮቭ» አይደለም። በተጨማሪም ሩሲያኛ ሁለት ነጥብ የተደረበባት፣ «ዮ» ተብላ የምትነበብ ፊደል አለችው። ሩሲያውያን ራሳቸው ሲጽፉ ነጥቦቹን ብዙ ጊዜ ይተዉአቸዋል፤ ወደ ላቲን ስትገለበጥም «ኤ» መስላ ትገኛለች። «ክሩስቼቭ» የመጣው ከዚያ ነው፤ ሰውየው ኽሩሽቾቭ ነበር። የሮኬቱ መሐንዲስም ኮሮሊዮቭ እንጂ ኮሮሌቭ አይደለም። ጎርባቾቭን በትክክል የጻፍነው፣ ስሙን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሬዲዮ ስለ ሰማነው ይመስለኛል።

ሁሉንም «ሩሲያዊ» ማለት

ሩሲያኛ ሁለት ቃል አለው፦ «ሩስኪ» በዘርና በቋንቋ ሩሲያዊ የሆነው፣ «ሮሲያኒን» በዜግነት የሩሲያ የሆነው። ዜግነትና ብሔር ሁለት ነገር መሆናቸውን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ያም ሆኖ በሩሲያ ግዛት ወይም በሶቪየት ኅብረት ውስጥ የተወለደ ሁሉ በአንድ ቃል ይጠቀለላል። ኮሮሊዮቭ የተወለደው ዩክሬን ዢቶሚር ነው። የሄሊኮፕተሩ ኢጎር ሲኮርስኪ የኪየቭ ልጅ ነው፤ በሄሊኮፕተር ስሙ የገነነውም አሜሪካ ከገባ በኋላ ነው። የሰውነት መከላከያ ሕዋሳትን ያጠናው ኢሊያ ሜችኒኮቭ ኻርኪቭ አካባቢ ተወልዶ፣ ኦዴሳ አስተምሮ፣ በ1908 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ የሚሠራው ፓሪስ ፓስተር ተቋም ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ሌቭ ላንዳው በባኩ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ ነው። «በሩሲያ ግዛት ዘመን ኪየቭ የተወለደ» ወይም «የሶቪየት ሳይንቲስት» ማለት ሁለት ቃል ያስረዝማል እንጂ ሌላ ወጪ የለውም።

ሜንዴሌዬቭን በሕልም መጨረስ

የኬሚስትሪ ሊቁ ዲሚትሪ ሜንዴሌዬቭ ደክሞት ጠረጴዛው ላይ አሸለበ፣ በሕልሙ ንጥረ ነገሮቹ ሁሉ በየቦታቸው ሲሰለፉ አየ፣ ነቅቶ ጻፋቸው። ተማሪ ቤት የሰማነው ይህ ነው። ታሪኩ ከእሱ እጅ የወጣ አይደለም፤ ወዳጁ አወራው ተብሎ የሚነገር ነው።

ከእጁ የወጣው ወረቀት ግን አለ፤ ከሕልሙም የበለጠ ያምራል። በ1869 በድሮው አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 17 ቀን፣ ሜንዴሌዬቭ ወደ ቴቨር አውራጃ ሄዶ የአይብ ማምረቻዎችን ሊጎበኝ ተዘጋጅቶ ነበር። ስለ ጉዞው የተላከለት ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ነው። ደብዳቤውን ገለበጠና በጀርባው የንጥረ ነገሮችን የአቶም ክብደት እያነጻጸረ መሞነጫጨር ጀመረ፤ የአይቡ ጉዞ ለጊዜው ቀረ። ከዚያ በፊት ለወራት ለተማሪዎቹ የኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፍ ሲጽፍ ቆይቷል፤ ጭንቀቱም የመጽሐፍ ጸሐፊ ጭንቀት ነበር፦ በጊዜው የታወቁትን 63 ንጥረ ነገሮች በየትኛው ምዕራፍ፣ ከየትኛው አስከትዬ ልጻፍ? የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዡ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ስህተት «ሰንጠረዡን የፈጠረ ብቸኛ ሰው» ማለት ነው። ጀርመናዊው ሎታር ማየር ተመሳሳይ ሰንጠረዥ ላይ እየሠራ ነበር፤ የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ በ1882 የዴቪ ሜዳሊያውን ለሁለቱም በአንድነት ሰጠ። ሜንዴሌዬቭን የለየው ባዶ ቦታ መተዉ ነው። «እዚህ ጋ ገና ያልተገኘ ንጥረ ነገር አለ» ብሎ ክብደቱንና ጠባዩን አስቀድሞ ጻፈ። በ1875 ፈረንሳዊው ሌኮክ ደ ቧቦድራን ጋሊየምን አገኘና ጥግግቱን 4.7 ብሎ አሳወቀ። ያን ብረት በዓይኑ ዓይቶት የማያውቀው ሜንዴሌዬቭ ከሴንት ፒተርስበርግ ሆኖ «5.9 ገደማ መሆን አለበት፤ አጥራውና ደግመህ ለካው» ሲል ጻፈ። ፈረንሳዊው አጥርቶ ለካ፤ 5.9 ሆነ። ቀጥሎም በ1879 ስካንዲየም፣ በ1886 ጀርማኒየም ተገኝተው በተተወላቸው ቦታ ተቀመጡ።

ሁሉ ሠመረለት ማለት ግን አይደለም፤ ከሃይድሮጂን የሚቀሉ ንጥረ ነገሮች አሉ ብሎ የተነበየው መና ቀርቷል። ይህን የሚጽፍ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። በምትኩ የሚጻፈው «ቮድካ 40 በመቶ እንዲሆን የወሰነው እሱ ነው» የሚል ነው። በ1865 ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት ስለ አልኮልና ውሃ ውሕደት መሆኑ እውነት ነው፤ ስለ መጠጥ ግን አልነበረም፤ የቮድካው መጠን የተወሰነውም ከዚያ በፊት በቀረጥ ሕግ ነው።

ፓቭሎቭ፣ ውሻውና ደወሉ

ኢቫን ፓቭሎቭ በ1904 ኖቤል የተሸለመው ደወል ሲሰማ ምራቁ ስለሚዝረበረብ ውሻ አይደለም፤ ስለ ምግብ መፈጨት ሥርዓት ባደረገው ጥናት ነው። ደወልም ቢሆን አልፎ አልፎ እንጂ ዋናው መሣሪያው አልነበረም፤ ይበልጥ የሚጠቀመው ለሙዚቀኞች ምት በሚቆጥረው ሜትሮኖም ነበር። የሪያዛን ቄስ ልጅ ነው፤ ራሱም የካህናት ትምህርት ቤት ጀምሮ ነው ወደ ሳይንስ የዞረው። ቤተ ሙከራው ከውሾቹ ሆድ የሚቀዳውን የጨጓራ ጭማቂ ለሆድ ሕመም መድኃኒትነት እየሸጠ ገንዘብ ያገኝ እንደ ነበር ደግሞ ሳነብ፣ ይህን ትቶ ስለ ደወል የሚያወራ ጸሐፊ አሳዘነኝ።

ጋጋሪንን ከመንኮራኩሩ ጋር ማሳረፍ

ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ዩሪ ጋጋሪን ምድርን አንዴ ዞሮ ተመለሰ፤ ከመነሣት እስከ ማረፍ 108 ደቂቃ። «መንኮራኩሩ በሰላም አሳረፈው» ከተባለ ግን ስህተት ነው። ቮስቶክ ሰው ይዛ በዝግታ የምታርፍበት ዘዴ አልነበራትም፤ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ጋጋሪን ከወንበሩ ጋር ተወርውሮ ወጣና በራሱ ጃንጥላ ሳራቶቭ አካባቢ እርሻ ላይ ወረደ። ሶቪየቶች ይህን ለዓመታት ሸሸጉ፤ የዓለም የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ክብረ ወሰን የሚመዘግበው አብራሪው ከተሽከርካሪው ጋር ሲያርፍ ስለ ነበር። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀውን ምስጢር እኛ ለምን እንጠብቃለን?

«ወጣሁ፣ አየሁ፣ እግዚአብሔርን አላገኘሁም» የሚለውም ከአፉ አልተቀዳም። በበረራው ጊዜ ከምድር ጋር ያደረገው ንግግር ተመዝግቦ አለ፤ እንዲህ ያለ ነገር የለበትም። ፀረ ሃይማኖት ዘመቻው ያስፈለገውን ቃል በተወዳጁ ልጅ አፍ አስቀመጠ፤ የእኛ ሰባክያን ደግሞ ሲመልሱለት ይኖራሉ።

ጋጋሪን ሲነሣ ኮሮሊዮቭን አለመጥቀስም የተለመደ ነው። በ1938 ታስሮ ኮሊማ ወርቅ ማውጫ የተላከ፣ ጥርሱ የረገፈ ሰው ነበር፤ ያው ሰው ሳተላይቷን ስፑትኒክንም ቮስቶክንም አስወነጨፈ። በሕይወት ሳለ ጋዜጦች «ዋና ንድፍ አውጪው» ከማለት በቀር ስሙን አልጻፉም። ሕዝቡ ስሙን ያወቀው በጃንዩወሪ 1966 ሲሞት፣ ከሞት ማስታወቂያው ነው።

«የመጀመሪያው» የሚለውን ቃል መርጨት

በአጭሩ ልለፈው። አሌክሳንደር ፖፖቭ ሜይ 7 ቀን 1895 መብረቅን ከሩቅ የሚያውቅ የራዲዮ ሞገድ መቀበያ አሳይቷል፤ ሩሲያውያን ቀኑን እንደ ራዲዮ ቀን ያከብሩታል። ማርኮኒ ደግሞ በ1896 የባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ ከሁለቱ በፊት ኸርትዝ፣ ብራንሊና ሎጅ አሉ። ሲኮርስኪም በ1939 ካበረራት በፊት ሄሊኮፕተሮች በረዋል፤ የእሱ ሥራ አንድ ትልቅ ተሽከርካሪ ክንፍ ከላይ፣ አንድ ትንሽ በጭራ ያለውን ቅርጽ ማስለመዱ ነው። ዛሬ ቀና ብለን የምናያቸው አብዛኞቹ የዚያ ልጆች ናቸው። «የመጀመሪያው» ለማለት የሚያምራችሁ ከሆነ፣ ከምን የመጀመሪያ እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።

ሴቶቹን በቴሬሽኮቫ መጨረስ

የፎቶግራፍ ግርጌ ጽሑፍ ያህል ቦታ ለጠፈርተኛዋ ቴሬሽኮቫ ይሰጥና ሴቶቹ ያበቃሉ። የሒሳብ ሊቋ ሶፊያ ኮቫሌቭስካያ የት አለች? ልጅ ሳለች ቤተሰቧ ወደ ገጠር ርስታቸው ገቡ፤ ለልጆቹ ክፍል የግድግዳ ወረቀት አልበቃ አለና አባቷ በወጣትነቱ የተማረበት የካልኩለስ ማስታወሻ ተለጠፈበት። ሕፃኗ ያልገባትን ምልክት ለሰዓታት ቆማ ስታይ እንደ ነበር በትዝታዋ ጽፋለች። ሩሲያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ለሴት ዝግ ነበር፤ ያላገባች ልጅም ብቻዋን ውጭ አገር አትሄድም። ስለዚህ ለመማር ስትል ለስሙ ያህል ጋብቻ ፈጸመች። የበርሊን ዩኒቨርሲቲ አዳራሹን ቢከለክላት ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ቫየርሽትራስ በግል አስተማራት፤ በ1874 ጎቲንገን ዶክትሬት ሰጣት፤ በ1888 የፓሪስ አካዳሚ ሸለማት፣ ሥራዋ ከተጠበቀው በላይ ስለ ሆነም ገንዘቡን ከ3000 ወደ 5000 ፍራንክ ከፍ አደረገው፤ በ1889 ስቶክሆልም ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነች። በ41 ዓመቷ ሞተች። ቴሬሽኮቫንም ካነሣን፣ በ1963 ምድርን 48 ጊዜ ዞራ ከተመለሰች በኋላ ሶቪየቶች ሁለተኛ ሴት ለማምጠቅ 19 ዓመት መቆየታቸው ይጻፍ።

አድዋ ላይ ሩሲያውያንን ማሰለፍ

«የሩሲያ መኮንኖች አድዋ ላይ መድፍ ተኮሱ» የሚል ታሪክ በየጊዜው ይነሣል። ያለ ማስረጃ መድገሙ የአርበኞቹን ሥራ ለሌላ መስጠት ነው። በሚገባ የሚታወቀው ከጦርነቱ በኋላ በዚያው በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን መጥቶ ቁስለኞችን ማከሙ ነው። ከቡድኑ ጋር የመጣው አሌክሳንደር ቡላቶቪች ቆይቶ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር እስከ ሩዶልፍ (የዛሬው ቱርካና) ሐይቅ ተጉዟል፤ ያየውንም በዝርዝር ጽፏል፤ በመጨረሻም መነኮሰ። የቀይ መስቀሉን ሕክምና በደጃዝማች ባልቻ ስም ከሚጠራው ሆስፒታል ጋር የሚያምታቱም አሉ፤ ይኸኛው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሶቪየቶች የከፈቱት ነው።

ቫቪሎቭ ያላለውን ማስባል

የመጨረሻው ለእኛ ቅርብ ነው። የሰብል ዘር ተመራማሪው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1926 መጨረሻ በጅቡቲ በኩል ወደ አዲስ አበባ ገባ፤ ራስ ተፈሪ ተቀብለው ስለ አገሩ አብዮት ጠየቁት። ከዚያ በበቅሎ ሲራራ ወደ ሰሜን ተጓዘ፤ በየገበያውና በየአውድማው እየቆመ ከየገበሬው እፍኝ እፍኝ እህል ሰበሰበ። ዛላው ላይ ጢም የሌለው የማካሮኒ ስንዴ አግኝቶ ተደነቀ። ሐበሻንም በዓለም ላይ የሰብሎች መነሻ ናቸው ካላቸው ቦታዎች መካከል ቆጠራት።

ከዚህ ተነሥቶ «ስንዴ ከኢትዮጵያ እንደ ተገኘ ቫቪሎቭ አረጋግጧል» ይባላል። በዚህ አገር የስንዴና የገብስ ዓይነት መብዛቱን ያየው ትክክል ነው፤ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ስንዴ መጀመሪያ የለማው መካከለኛው ምሥራቅ እንደሆነ፣ እዚህ መጥቶ በየደጋው በገበሬው እጅ ዓይነቱ እንደ በዛ አሳይተዋል። ጤፍ፣ እንሰት፣ ኑግና ቡና ግን የዚሁ ምድር ናቸው። የሌላውን መጨመር ሳያስፈልግ ይህ ብቻ ይበቃል።

በተቃራኒው «ዘራችንን ወስዶ ከበረ» የሚለውም አለ። መጨረሻውን ያላነበበ ሰው ነው እንዲህ የሚጽፈው። የዘር ውርስ ሳይንስን የሚቃወመው የእርሻ ባለሙያ ሊሴንኮ የስታሊንን ጆሮ ካገኘ በኋላ ቫቪሎቭ በ1940 ዘር ሲሰበስብ በነበረበት ተያዘ፤ ሞት ተፈረደበት፣ ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠ፤ በጃንዩወሪ 1943 ሳራቶቭ እስር ቤት በረሃብ ሞተ። በዚያው ወቅት ሌኒንግራድ በጀርመኖች ተከባለች። የሰበሰበው ዘር በተቀመጠበት ሕንፃ ውስጥ የሚሠሩት ባልደረቦቹ አንድ ፍሬ ሳይነኩ ቆዩ፤ የሩዙ ኃላፊ በሩዝ ከረጢቶች መካከል፣ የለውዙ ኃላፊ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ በረሃብ ሞቱ። ከኢትዮጵያ አውድማዎች የሄደው ስንዴና ገብስም ዛሬ በቫቪሎቭ ስም በሚጠራው በዚያ ተቋም ይገኛል፤ በየጊዜውም እየተዘራ ይታደሳል።